በክኒኑ ፋንታ የጠጣው ዱቄት

ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ባለች ፋርማሲ መድኃኒት ማደል ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ለስኳር ሕመምተኞች «መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ» የምለውን ያህል ደጋግሜ የምለው ነገር የለም። ክኒኑን ወረቀት ውስጥ ስከት አፌ ራሱ ይለዋል። ቤቴ ውስጥ ግን ባለቤቴ ክኒኑን እንደተወ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሳይበቃ ለሐኪሙ ዋሸሁ። ሰዎች ባሌን ምን እንደነካው ሲጠይቁኝ «ስኳር ዓይኑን ጎዳው» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው ነገር አይደለም።

ባለቤቴ ሾፌር ነበር። አያቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ቤተሰቡ ንግድና መኪና ላይ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ከሱቁ መኪናውን መረጠ። በአይሱዙ ከኢዲዶና ከይርጋጨፌ ዙሪያ ቡና ጭኖ ወደ ዲላ ያወርዳል፤ ሲመቸው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቶሎ የሚስቅ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ ጋቢና ጭኖ የሚያመጣ ሰው ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ሲሆን ውሃ ጥም ያዘው። ከይርጋጨፌ ዲላ እስኪደርስ ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ውሃ ይጨርሳል። ሱሪው ሰፋው። «ሙቀቱ ነው» ይለኛል። አንድ እሑድ ጠዋት ከፋርማሲው ያመጣሁትን የስኳር መለኪያ አውጥቼ ጣቱን ወጋሁት። ቁጥሩ ሁለት መቶ ስልሳ ይላል። እሱ ፊቴን አይቶ «እንደ አባቴ ነው አይደል?» አለኝ።

አባቱን የገደለው ስኳር ነው። መጀመሪያ ክኒን ነበር፣ ቀጥሎ መርፌ መጣ፣ ከዚያ የእግር ጣት ተቆረጠ፣ ከዚያ እግሩ ከጉልበት በታች ሄደ። ባለቤቴ ያኔ ወጣት ነበር፤ አባቱን አዝሎ መስጊድ የሚያደርሰው እሱ ነው። በእሱ ሐሳብ እነዚህ ነገሮች ተራ ይዘው የሚመጡ ናቸው፤ ክኒኑን የጀመረ ሰው መጋዙን ጀምሯል። አባቱን ያን ያህል የጎዳው ሳይታከም የቆየው ስኳር እንጂ መድኃኒቱ እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያው ሐሳቡ ግን እንዳለ ነው።

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፋርማሲያችን ከእሱ ክፍል ብዙም ስለማይርቅ የጽሑፉን ቅርጽ ሳይቀር አውቀዋለሁ። በባዶ ሆድ የተቀዳው ደም ስኳሩም ቅባቱም ከፍ ብሎ መጣ። ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘለት፤ አንዱ ለስኳሩ፣ አንዱ ለኮሌስትሮሉ። ቅባት ቀንስ፣ ስኳር ያለበት ሻይ ተው፣ በእግርህ ሂድ የሚለውንም ጨመረበት። ባለቤቴ «እሺ ዶክተር» ብሎ ወጣ።

የስኳሩ ክኒን ሆዱን አጣደፈው። ይህ በጀማሪዎች ላይ የተለመደ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድና ጥቂት ሳምንት ሲታገሡት ብዙ ጊዜ ይተዋል። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል ሰው ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ እያለ መኪናውን አቁሞ መንገድ ዳር ያለ የቡና ተክል ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ኬላ ላይ ተሰልፎ እያለ ያዘውና መውጫ አጣ። እቤት ገብቶ ሱሪውን ራሱ ሲያጥብ አገኘሁት። በሃያ ዓመት ትዳራችን ልብስ ሲያጥብ አይቼው አላውቅም። ቀና ብሎ አላየኝም።

ዱቄቱ ወደ ፋርማሲያችን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የአንድ ዘር ገለባ ተፈጭቶ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጥ ነው፤ ሰዎች ለሆድ ድርቀት ይገዙታል። ማንኪያ ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ያብጥና እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል። መግለጫውን አነበብኩ፤ ሆድ ሳይፈጨው ስለሚያልፈው የእህል ክፍል፣ ስለ አሰር የተማርኩትንም አስታወስኩ። ይህ ዓይነቱ አሰር አንጀት ውስጥ ምግቡን ይዞ ስለሚያዘገየው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ሐሞትንም ይዞ ይወጣል፤ ጉበት የወጣውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ጥቂት ጥቂት ያወርዳል። ጥቂት የምትለዋን ቃል በደንብ አውቃት ነበር።

አንዱን ቆርቆሮ ይዤለት ገባሁ። «ከክኒኑ ጋር ይረዳሃል» አልኩት። «ግን አንድ ላይ አትውሰዳቸው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑረው። ውሃም በደንብ ጠጣበት።»

አገላብጦ አየው። «ምንድን ነው?»

«ገለባ ነው። የእህል ዘር።»

«መድኃኒት የለበትም?»

«የለበትም።»

ፊቱ ላይ ለወራት ያላየሁት እፎይታ መጣ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጠዋት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ከእራት በፊት ሁለት ማንኪያ ይጠጣል። አንድ ቀን አያስተጓጉልም። ሻዩን ያለ ስኳር ማድረግ ለመደ፤ ለስላሳውንም ተወ። ሆዱ ተረጋጋ፣ መንገድ ላይ መቆሙ ቀረ። ወር ገደማ ሲሆነው የጃኬቱን ኪስ ለእጥበት ስፈትሽ ክኒኖቹን አገኘኋቸው። ለዚያ ወር ያመጣሁለት ሁለቱም ማሸጊያዎች ሳይነኩ ነበሩ።

«ለምን?» አልኩት።

«እየተሻለኝ ነው እኮ» አለ። «ለኪው።»

ለካሁት። በእርግጥ ወርዶ ነበር። ከሁለት መቶ ስልሳ ወደ መቶ ሰባ ምናምን። መሆን ካለበት ገና ሩቅ ነው፤ ግን ከነበረበት ሲታይ የሰማይና የምድር ያህል ነው። እንደ ልጅ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና እኔም ሳቅሁ። «ቀጠሮህ ሲደርስ ለሐኪሙ ትነግረዋለህ» አልኩት። «እነግረዋለሁ» አለ።

በሦስተኛው ወር አብረን ሄድን። የላብራቶሪው ወረቀት ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስኳሩ ቀንሷል፣ ክፉው ኮሌስትሮልም ትንሽ ወርዷል። ሌላው ቅባት ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ «ጥሩ ነው» አለ። «ገና ይቀረዋል፤ ግን ጥሩ ጅምር ነው። ክኒኑን በትክክል እየወሰዱ ነው?»

ባለቤቴ ዞሮ እኔን አየኝ። ሐኪሙም እኔን አየኝ፤ የሥራ ባልደረባ እንደመሆኔ መልሱን ከእኔ ቢሰማ ይበልጥ ያምናል።

«አዎ፣ ይወስዳል» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አስባለሁ። ባሌን በሰው ፊት ላለማሳፈር ይመስለኛል። የራሴም እፍረት ነበረበት፤ የፋርማሲ ሠራተኛ ባል መድኃኒቱን ጥሎ ገለባ ይጠጣል መባሉ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ልቤ በዱቄቱ ተታሎ ነበር። ከተማርኩት ነገር ቤቴ ውስጥ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ሳቅ በለጠብኝ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ መድኃኒቱ እየሠራለት እንደሆነና በዚያው እንዲቀጥል ጻፈ። ስለ ዱቄቱ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የዱቄቱ ሰባኪ ሆነ። ይህን ያወቅሁት ከኢዲዶ በመጡ አንድ ሽማግሌ ነው። ቡናቸውን ለብዙ ዓመት የሚጭንላቸው ባለቤቴ ነው፤ የስኳር መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ደግሞ ከእኔ። የሚቆራረጥ፣ ረጋ ያለ አማርኛ አላቸው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት መጥተው መስኮቱ ላይ ተደገፉና እንደ ሁልጊዜው የሐኪም ወረቀት አላወጡም።

«ዛሬ ክኒን አልፈልግም ልጄ» አሉ። «ዱቄቷን ስጪኝ።»

«የትኛውን አባባ?»

«ሾፌሩ ባልሽ የሚጠጣት። እኔ ክኒን ትቼ ድኛለሁ፣ አንተም ተዋት አለኝ።» ከዚያ ቆርቆሮውን ሳወጣላቸው በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። «ይቺ ከምንድን ነው የምትሠራው?»

«ከዘር ገለባ ነው።»

«እንሰት ስንፍቅ እንደሚወጣው ቃጫ ናት?»

«ያ አይበላም አባባ። ይሄ ይበላል።»

ፈገግ አሉ። እኔ ፈገግ ማለት አልቻልኩም። ክኒናቸውን አውጥቼ ከቆርቆሮው ጎን አስቀመጥኩት። «ዱቄቱን መጠጣት ይችላሉ፤ ጥሩ ነው። ክኒኑን ግን እንዳይተዉ። ዱቄቱ ብቻውን አይበቃዎትም።»

ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ በፍጹም ቅንነት «እሱስ?» አሉኝ። «ባልሽ?»

ከኋላቸው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። «እሱም ይወስዳል» አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ ማለት ነው። ሽማግሌው ክኒናቸውን ይዘው ሄዱ፤ ዱቄቱን ተዉት። ዛሬም በእግራቸው ይመጣሉ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ተጣላን። ሰው ልትገድል ነው አልኩት። አልጮኸም፤ እሱ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። «ስኳሬ ወርዷል ወይስ አልወረደም?» አለኝ። «ወርዷል፤ ግን—» «ኮሌስትሮሌስ?» «እሱም ትንሽ—» «እንግዲህ ምንድን ነው የምትይኝ? አንቺ አይደለሽም ያመጣሽው?»

አዎ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ለሰው እንዳይናገር ቃል አስገባሁትና ጉዳዩን በዚያው ተውነው። ለሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነግረዋለን ተባባልን። የሚቀጥለው ቀጠሮ የቡና ወቅት ላይ ዋለ፤ በዚያ ወራት ባለቤቴ አልጋውን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። አልሄደም። የሚቀጥለውም አለፈ። ዓመት ሆነ፣ ሁለት ዓመት ቀረበ።

ቁጥሩ ቀስ በቀስ ተመልሶ ወጣ። መቶ ሰባ የነበረው መቶ ዘጠና ሆነ፤ ከዚያ ሁለት መቶን አለፈ። ገለባው ያው ገለባ ነው፤ ሕመሙ ግን ባለበት የሚቆም አልነበረም። ባለቤቴ ማንኪያውን ሦስት አደረገው፣ ቀጥሎ አራት። ሆዱ እየተነፋ በቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ በሳበት። መለኪያውን ሳወጣ «ዛሬ ደክሞኛል» ይለኛል፣ ወይም የመለኪያው ወረቀት ጊዜው አልፎበታል ይላል። እኔም ቀስ በቀስ ማውጣቱን ተውኩ። ሁለታችንም ማየት ያልፈለግነውን ላለማየት ተስማማን፤ ማንም ሳይናገር።

አንድ ረፋድ ላይ ፋርማሲ ውስጥ እያለሁ ደወለ። ድምፁ ቀንሶ ነበርና የተናደደ መሰለኝ።

«ዓይኔ ውስጥ ቀለም ፈሰሰ» አለ።

«የምን ቀለም?»

«እኔ እንጃ። ጥቁር። ክር ክር ይል ነበር፤ አሁን ጭስ ሆነ። በቀኙ አላይም።»

«መኪናውስ?»

«አቁሜዋለሁ። ይርጋጨፌ መንገድ ላይ፣ ዱመርሶ ነኝ።»

ጋውኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። ሚኒባስ እስኪሞላ አላስችል ብሎኝ ሞተር ያዝኩ። ስደርስ መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎበታል። በዚያ ዓይኑ ወርዶ ድንጋዩን ፈልጎ ያደረገው እሱ ራሱ ነው። እሱ ጋቢና ውስጥ ነበር፤ መሪው ላይ አንድ እጁን ጥሎ በሌላው ቀኝ ዓይኑን ሸፍኗል። ወደ ጋቢናው ወጥቼ አጠገቡ ስቀመጥ አልዞረም።

«ያመሃል?»

«ምንም አያመኝም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

በማግሥቱ ሐዋሳ የዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርን። ሴት ናት፤ ረጅም ጊዜ በብርሃን አየችው። የዓይኑ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች በስኳርና በቅባት ተጎድተው መድማታቸውን ነገረችን። «ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም» አለች። «ዓመታት ነው። ስኳሩን ማን ነበር የሚከታተልላችሁ?» ባለቤቴ «እኔ ራሴ» አላት። ግራ ዓይኑንም ጀምሮት ነበር፤ እሱን በጨረር ለማትረፍ ሞከሩ። ቀኙ ግን አልተመለሰም። ግራው ፊት ለፊት ያለውን ሰው ይለያል፤ ትንሽ ሲርቅ ሁሉም አንድ ይሆንበታል። መንጃ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው ሳይኖር ራሱ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝና «አስቀምጪው» አለኝ።

ዲላ እንደተመለስን ብቻዬን ወደ ወጣቱ ሐኪም ሄድኩ። በሩን ዘግቼ ቆምኩ፤ ወንበሩን ቢያሳየኝም አልተቀመጥኩም።

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ መድኃኒቱን ይወስዳል ያልኩህ ውሸት ነው» አልኩት። «ገና በመጀመሪያው ወር ትቶታል። የወረደው በዱቄት ነው።»

ካርዱን አውጥቶ ያኔ የጻፈውን አነበበ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«ለምን ተወው?» አለ።

«ሆዱን ስላስቸገረው። መንገድ ላይ።»

«ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት አለ እኮ» አለ። «ሆድ ብዙም አያስቸግርም። ልቀይርለት እችል ነበር። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ፋርማሲ ውስጥ ከምቆምበት መስኮት ጀርባ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ለስንት ሰው አንስቼ ሰጥቼዋለሁ። ክኒኑ የባሌን ሆድ እንደሚያስቸግር ለሐኪሙ የምናገርባት አንዲት አረፍተ ነገር በቂ ነበረች፤ እኔ በእሷ ፋንታ «አዎ» አልኩ።

ባለቤቴ ወቅሶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ በልተን እጁን ሳስታጥበው፣ እንደ ዋዛ «አንቺ እንደማይበቃ ታውቂ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔም ሳላውቅ አልቀረሁም» አለ። ከዚያ ፎጣውን በእጁ ፈልጎ አገኘውና ተነሣ። ስለዚህ ጉዳይ ያወራነው ይኸው ነው።

አሁን መኪናውን ታናሽ ወንድሙ ነው የሚነዳው። ባለቤቴ ቀኑን ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሰዉን በድምፁ ይለያል። ክኒኖቹን በሰዓታቸው ይውጣል፤ ዱቄቱንም ከእነሱ አራርቆ ይጠጣል። ሐኪሙ ዱቄቱን አልከለከለውም። «ይረዳል፤ ግን የሚረዳው አጠገቡ የሚረዳው ነገር ሲኖር ነው» ነው ያለው። ባለፈው ወር የደም ውጤቱን ሳነብለት ስኳሩም ቅባቱም መሆን ያለባቸው ቦታ ላይ ነበሩ፤ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሆነው አያውቁም። አንብቤ ስጨርስ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተው። እንደዚያ ቀን አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

የግራ ዓይኑን ለማሳየት በየተወሰነ ወሩ ሐዋሳ እንሄዳለን። በጊዜ እንሳፈራለን፤ እሱ በልማዱ የመስኮቱን ወንበር ይይዛል። መንገዱን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ የት ጋ መታጠፊያ እንዳለ፣ የት ጋ አስፋልቱ እንደተቦረቦረ ሰውነቱ አውቆ ቀድሞ ያዘነብላል። ባለፈው ጉዟችን ከዲላ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ቆየና «ዛሬ ጉም አለ እንዴ?» አለኝ።

ጉም አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ ማዶ ያሉት ቤቶች ቆርቆሮ ሳይቀር ያብረቀርቅ ነበር። «አዎ፣ ትንሽ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ይጎዳል? እሱም እስኪያልፍ ድረስ ጉም ነው ብሎ በተቀመጠ።

«የለም» አልኩት። «ጥርት ያለ ነው።»

ፊቱን ከመስታወቱ አነሣ። ከዚያ ጀርባውን ወደ ወንበሩ መለሰና መጋረጃውን በእጁ ፈልጎ ሳበው።